ባለ ሦስት ስለት

ቤት ሽአን፤ ሌሊት ነው፤ ሙቀቱ አልተኛም፣
ድንጋይ ቀን የዋጠውን ፀሐይ ቶሎ አይተፋም።
እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ባትሪና ቁልፍ ይዤ
ከወደቁ አምዶች ጋር አድራለሁ ተክዤ፤
እንዳይነሡ ይሁን ወይ እንዳይሰረቁ
አለቆቼም ራሳቸው በቅጡ አላወቁ።

ዛሬ ከቀትር በፊት፣ ከጉብታው ጥግ
ኦስናት ቆፋሪዋ በብሩሿ ስትጠርግ
አገኘች አንድ ነሐስ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣
ባለ ሦስት ስለት፣ ዝጎ እንኳ የሚቆርጥ።
መዳፌ ላይ አኖረችው። ቀለለኝ።
«የፍላጻ ጫፍ ነው። ምናልባት የእስኩቴሶች» አለችኝ።

ሰዎች ነበሩ አሉ፣ ጎጇቸው በጋሪ፣
ደመና ተከታይ፣ ዝናብ አባራሪ።
ልጅ ከጡት ሲወርድ ኮርቻ ይወጣል፤
ሲሞትም ከፈረሱ ጋር ይቀበራል።
ሲሸሽ ነው የሚፈራው፤ ጀርባውን የሰጠህ ለታ
ዞሮ ይነድፍሃል፣ ከጋላቢ ፈረስ ላይ፣ ሳያመነታ።

ድርቅ ይሁን ጎረቤት፣ የገፋቸውን ማን ያውቃል?
ሣር ሲያልቅ ሰው ይነቀላል።
ተራራውን ዞሩ፤ ነገሥታት ገበሩ፤
በዚህ ሸለቆ አልፈው ወደ ግብፅ በረሩ።
ፈርዖን ደጁ ወጥቶ፣ ወርቅ ጭኖ፣ ለምኖ፣
መለሳቸው ይባላል፣ እጅ መንሻው ጦር ሆኖ።
ሃያ ስምንት ዓመት፣ ይላል የጥንት ወሬ፣
ምድርን ጋለቧት እንዳልተገራ አውሬ።
ግን ከኮርቻ ላይ ሆኖ አገር አይታረስም፤
ከኮርቻ የወረደም ዳግመኛ አይነግሥም።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ
በር ላይ የቆሙት የባሮቻቸው ልጆች ነበሩ።
ሚስቶቹ ጠብቀው ጠብቀው
ሌላ እሳት አንድደው ኖሯል።
ጌቶቹ ጦር ጥለው ጅራፍ አነሡ ይባላል።
ኦስናት ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።
ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ የገዛ ደጁን የሚያንኳኳ ሰው
ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት አላውቅም።

ከዚያ ከምሥራቅ ሌሎች መጡ።
ገፊው ተገፋ፤ የገፋውንም ሌላ ገፋው።
የመጨረሻዎቹን ማንም አልገደላቸውም፤
ባሕር ዳር ስንዴ እየሸጡ፣
የባዕድ ወይን እየጠጡ፣
ቀስ ብለው ሌላ ሰው ሆኑ።

ግሪሻ፣ የሞዛይክ ጠጋኙ፣ የካዛኪስታን ልጅ ነው።
ሻዩን ከቴርሞስ እየቀዳ፣
«ሣሩን አውቀዋለሁ» ይላል፣ «የፈረስ ሆድ ይነካል።
አያቴን በባቡር አምጥተው ጣሏት እዚያ፤
እኛ ደግሞ ትተነው መጣን።
ሣሩ መምጣታችንንም መሄዳችንንም አልሰማም።»

ይህችን ከተማ ግሪኮች
«የእስኩቴሶች ከተማ» ብለው ጠሯት።
ለምን? ኦስናት ትከሻዋን ሰበቀች።
ምናልባት ጥቂት ደካሞች ቀርተው፤
ምናልባት አንዱ፣ የቆሰለ ፈረሱን ጥሎ መሄድ አልሆንለት ብሎ፤
ምናልባት በስሕተት።
ስሙ ሺህ ዓመት ቆየ፣
ሰዎቹ ያደሩት፣ ማን ያውቃል፣ አንድ ሌሊት።
ኋላ ምድር ተናወጠች፤
አምዶቹ እንደ ሰከሩ ሠርገኞች ተደጋግፈው ወደቁ።

እኔን እናቴ «ቢያድግልኝ» አለችኝ፣
ከእኔ በፊት ሁለት ቀብራ።
ጸሎት ነው እንጂ ስም አይደለም።
በሱዳን በረሃ ሌሊት ሌሊት ተሸክሜው መጣሁ፤
ውሃው ሲያልቅ እንኳ አልጣልኩትም።
አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጸሐፊው አፉ አልታዘዝለት ቢል፣
እስክሪብቶውን እንደ ካራ ይዞ
ከመሐሉ ሁለት ፊደል ነቀለ፣ ገለበጠ፣
«ጋድ» አለኝ።
የቀረው እዚያው ጠረጴዛ ሥር ወደቀ።
ጋድ ሆኜ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው።
ደመወዜም፣ የልጆቼ ቁጣም የሚመጣው በጋድ ነው።

እነሱ ሄዱ፣ ስማቸው ቀረ፤
እኔ ቀረሁ፣ ስሜ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፍላጻዋ በቁጥር ታሽጋ ሳጥን ውስጥ ተኝታ፣
ቴአትሩ መሐል ገብቼ ባትሪዬን አጠፋሁ።
ሰው እንደሌለ ሁለቴ አየሁ።
«ቢያድግልኝ!» ብዬ ጮህኩ።
ድንጋዩ ጅራቱን ብቻ መለሰ፣
ጸሐፊው የጣለውን፦
«…ልኝ… ልኝ…»

አቤት፣ አልኩ።