የወፍ በሽታ

ሻርጃ ወደብ ጥግ፣ መጋዘን አራት፣
ነሐሴ ያላበው የቆርቆሮ ቤት፣
ለውዝ እለቅማለሁ፣ ከጠረጴዛው ዳር፣
ደህናውን ወደ ቀኝ፣ ጥቁሩን ወደ ሥር።
የተጨማደደ፣ አቧራ የለበሰ፣
አረንጓዴ ጸጉር ጉንጩ ላይ የነሰነሰ፣
ጣቴ ይለየዋል፣ ከዓይኔ እንኳ ቀድሞ፤
ቅልል ይላል በእጅ፣ ውስጡ አልቆ ታሞ።

ማክሰኞ ለት ግን አንድ ጆንያ ፈታሁ፣
ጎኑ ላይ ያለውን ጽሕፈት አነበብሁ፤
በሰማያዊ ቀለም፣ ግማሹ የጠፋ፦
ባቢሌ።

ልቤ እንደ ጆንያው አፉን ከፈተና
ያጎቴ ጅብሪል ጓዳ ታየኝ እንደገና።
ካልጋው ሥር የሞላ፣ ሳይደርቅ የተከተተ፣
ክረምት ያፈሰሰበት፣ ጥጉ የሻገተ።
የተሸጠው ደህናው፣ ለነጋዴ ሚዛን፤
ሻጋታው የኛ ነው፤ ቆልተን ወቅጠን በላን።
«እሳት ያልገደለው ምን አለ?» ይል ነበር፣
ጨው ነስንሶ ሲያድለን፣ ከቁና ሲሰፍር።

ኋላ ዓይኑ ገረጣ፣ ቢጫ ሆነ እንደ እርድ፤
ሆዱ ተነፋና አቃተው መራመድ።
«የወፍ በሽታ ነው» አሉን፣ «በሌት የመጣች፣
የሌሊት ወፍ ናት፣ ሸንታበት ያለፈች።»
ቅጠል ተወቀጠ፤ ክንዱ ተተኮሰ፤
ጅብሪል ግን በጥቅምት አፈር ለበሰ።
እኔም ድንጋይ ለቅሜ፣ ሞልቼ ቀሚሴን፣
ጣራ ጣራ ሳይ ከረምሁ፣ ያቺን ደመኛዬን።

ሐሙስ ከላቦራቶሪ ወረቀቱ መጣ።
ሻጂ፣ አለቃችን፣ አንብቦት ሲወጣ፣
«አፍላቶክሲን» አለ፣ «ሻጋታው የሚተፋው፣
ጉበትን በዝግታ፣ በዓመታት የሚያጠፋው።
ቢታጠብ አይለቅም። ቢቆሉትም አይሞት።
ደህና በሚመስል ፍሬም ያድራል፣ ሳያሳይ ምልክት።»

ባለቤቱ ግን ደወለ፦ «ጨው አብዝታችሁ ቁሉት፤
ለካምፕ ሠራተኛ በርካሽ ሽጡት።»
ካምፑ የኛ ነው። ዓርብ ዓርብ፣ ከሻይ ጋር፣
በጋዜጣ ጠቅልለን፣ በሁለት ድርሃም፣ በፍቅር።
ሻጂ አየኝ። አየሁት። ዞር አለ፣ ስልኩን ሊነካካ።
እኔ በረኪናውን አነሣሁ፣ ሙሉ ጀሪካን፣
ደፋሁት፣ ጆንያ በጆንያ፣
እስከ ባቢሌ ድረስ፣ ፊደሉ እስኪነጣ።

ደሞዜ ተቆረጠ። ይቆረጥ።

ማታ ግንቡ ላይ አንዲት ወፍ፣ ባሕሩን ጀርባዋ አድርጋ፣
አንገቷን ዘንበል አርጋ እጄን እጄን ታያለች።
ሽርጤ ኪስ ውስጥ አንዲት ፍሬ ቀርታ ነበር፣
ደህና የምትመስል።
ሃያ ዓመት ሙሉ በድንጋይ ፈልጌሻለሁ፣ አልኋት፤
አንቺ አልነበርሽም።
ፍሬዋን በጫማዬ ረግጬ አደቀቅኋት፣
ለወፏም አልሰጠኋት።
ይቅርታዬ ይኸው ነበር።