ድንጋይ ዋና ለመደ

ምድር ቤት ነው ሥራው፤ መስኮት የሌለበት፣
የሲሚንቶ አቧራ ሳንባ የሚገባበት።
ድሬስደን ከላይ ናት፤ ትራም ባለፈ ቁጥር
ጣሪያው ኖራ ይረጫል፤ ይሸብታል ጠጉር።

አምስት ነን። ቲልማን፣ ቅርጿን የነደፈ፤
ኡልሪከ፣ ግራም እንኳ ከዓይኗ ያላለፈ፤
ሊን፣ እናቷ ሃኖይ፣ ሳቋ ድሬስደን፣
የካርቦኑን መረብ የምትጠልፍልን፤
ራድካ ከቡልጋርያ፣ ክንደ ብርቱ ቀዛፊ፤
እኔ እሱባለው፣ የባልዲ እጣቢ ደፊ።

የምንሠራው ታንኳ ነው። ታንኳ፣ ከሲሚንቶ።
የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔም ስቄ ነበር ነገሩ ገርሞኝ ከቶ።

በዚያ ሰሞን እኔ ስታቲክስ ወድቄ፣
አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ፣ ውጤቴን ደብቄ፣
ከቤት ሲደውሉ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤
«ደህና»ን የመሰለ ሸክም ቻይ ምሰሶ ከየት አገኛለሁ?
ሦስተኛው መጨረሻ ነው፤ እዚህ አገር በሕጉ
ሦስቴ ለወደቀ በሩን ነው የሚዘጉ።

ደብረ ታቦር ሳለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣
ጋሽ መኳንንት ጠመኔውን ጥሎ፣ በዚያ ሁሉ ተማሪ መሃል፦
«ሺህ ዓመት ቢቀመጥ ውሃ ውስጥ ድንጋይ፣
ዋና ይለምዳል ወይ?»
ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።
ሰው በራሱ ሲስቅ ድምፁ ምን እንደሚመስል ያኔ አወቅሁ።

የመጀመሪያዋ ታንኳ በጥር ተሰነጠቀች።
ከካሳፎርማው ስንፈታት፣ ቀጭ! አለች።
ቲልማን ግድግዳውን በጡጫ መታና
ግድግዳውን መልሶ ይቅርታ ጠየቀው፤ ጀርመን ነውና።
ሊን ስንጥቁን በጣቷ ተከትላ ሄደች፣
ካርታ ላይ ወንዝ እንደሚያነብ ሰው፤ አንድ ቦታ ቆመች።
«እዚህ ጋ ነው» አለች፤ «ጉልበቱ የሚበዛው
እኛ መረቡን ያሳሳንበት ቦታ ነው።»

እኔም አየሁ።
ደብተር ላይ ስንቴ ያመለጠኝ ያ ጠማማ መስመር፣
በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ የተሰረዘብኝ ነገር፣
ጣቴ ሥር ነበረ፤ ሻካራ፣ እርጥብ፣ ግራጫ፤
ልክ ሃያ አራት ሳንቲሜትር ከራድካ መቀመጫ።

ሁለተኛዋን በመጋቢት ሞላናት። ሌሊት።
ወደ ዘጠኝ ሰዓት፣
ፒሳው ቀዝቅዞ፣ ራድካ ባልዲ ተደግፋ ተኝታ፣
ቲልማን «ውሃው በዛ» ሲል፣ ኡልሪከ «አልበዛም» ብላ ተቆጥታ፣
እኔ እየለወስኩ፣ የፈተናውን ጥያቄ በልቤ እያልኩ፣
ባልዲ በባልዲ፣ ስሌት በስሌት፣ ሲነጋ ጨረስኩ።

ሰኔ። ኤልበ ወንዝ ዳር። ሠላሳ አንድ ታንኳ፤
ከድንጋይ ያልተሠራ የለም አንድ እንኳ።
አምስታችን ተሸክመን፣ እስከ ጉልበት ገብተን፣
ቀስ ብለን ለቀቅናት፣ ትንፋሻችንን ውጠን።
ዘቀጠች። አንድ ጣት። ሁለት።
ሦስት።
ከዚያ ቆመች።
ውሃው ትከሻውን ሰጣት፤ እሷም ተቀመጠች።

ስንተኛ ወጣን? አሥራ ዘጠነኛ።
ድልድይ ሥር ተጋጭተን፤ ጥፋቱም የእኛ።
ዋንጫ የለም። ቋሊማ በዳቦ በላን፣
ከሩቅ የሌሎችን ጭብጨባ ሰማን።
እኔ ግን ከዳር ቆሜ፣ ሱሪዬ እየተንጠባጠበ፣
ዓይኔ ያቺን ግራጫ ነገር ደጋግሞ አነበበ፦
ድንጋይ ናት።
ትዋኛለች።

ስታቲክስን አለፍኩ፣ ሐምሌ ላይ፣ በአንድ ነጥብ፤
ታንኳስ ከውሃ በላይ የምትተርፈው በስንት ነው ቢታሰብ?

ፋኩልቲው ኮሪደር ላይ ፎቷችን ተሰቅሏል፤
ከሥሩ የአምስታችን ስም በትንንሹ ተጽፏል።
የእኔን ግን ስተውታል፤ ሆኗል «ኤዙባሎ»።
ላርመው ብዬ እስክሪብቶ አወጣሁ፤
ተውኩት።

ለጋሽ መኳንንት ልልክለት ነው አንዱን ቅጂ፤
ቂም ይዤ አይደለም፤ ይየው ብዬ እንጂ።
ስሜ እሱባለው ነው፤ እሱ ባለው ግን አልቀረሁም፤
ድንጋይነቴን ከሆነ፣ እሱንስ አልካድሁም።
ከፎቶው ጀርባ ብዙ አልጻፍኩም፤ ክብደቷን ብቻ፦
ዘጠና ሁለት ኪሎ።