ቀይ ቀድሞ ይሞታል

ቧንቧችን ካነጠሰ ዛሬ አሥራ ሦስት ቀኑ፣
ደጅ ላይ ተሰልፏል ቢጫ ጀሪካኑ።
እናቴ ሳህን ያጠበችበትን ለወለል፣
የወለሉን ደግሞ ለጽጌረዳዋ ስታሻግር፣
እኔ ጓዳ ውስጥ ነኝ፣ ባሕር ስፈጥር።

ሳሙና በር ቁልቁል፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
በዕቁብ የገዛኋት ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ
እንደ ወፍጮ ታጓራለች፤
ስትግል ጎኗን ከፍቼ በካርቶን ሳራግባት
ትንሽ ትረጋለች።
ትእዛዙ ከሩቅ ነው፦ የባሕር ወለል፣ ዐሥር ሰከንድ፣
የሰመጠ ጀልባ፣ ዓሣ፣ ከላይ የሚወርድ ብርሃን።
ዐሥር ሰከንድ ማለት ሁለት መቶ አርባ ሥዕል ነው።
ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ያለኝ ሰው የለም።

ውሃን ከውስጥ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤
በጥምቀት፣ የወንድሜን ቁምጣ አጥልቄ፣
ፀጉሬን በኮፍያ ደብቄ፣
ከፋሲል መዋኛ ግንብ ከወንዶቹ ጋር ዘልዬ።
ከሥር ዓይኔን ገለጥኩ፦
አረንጓዴ ጭጋግ፣ የሚንፈራገጥ የሰው እግር፣
ከላይ አንድ ሎሚ ቀስ እያለ ሲዞር።
ከዚያ ሳል። ከዚያ የአባቴ ቁጣ።

እናም በግምት ገባሁ። ውሃውን ሰማያዊ ቀባሁ፣
አሸዋው ላይ የብርሃን መረብ ዘረጋሁ፣
አንድ ዓሣ ቀርጬ አራት መቶ አበዛሁ፤
ጀልባውን አጋድሜ ዛጎል ለጠፍኩበት።
ያምር ነበር። እንደ ሆቴል ግድግዳ ያምር ነበር፣
ሕይወት ግን የለበት።

ጋሽ ዓለምሰገድ ስልኩን ቻርጅ ሊሰካ ገባ።
ድሮ ምጽዋ ላይ ጠላቂ፣ የባሕር ኃይል ሰው፤
ዛሬ አዘዞ መንገድ ዳር ጎማ የሚነፋው፤
ያኔም በአየር ነው የኖረ፣ አሁንም ሥራው አየር።
ቆሞ አየ። ሽቦውን እንደያዘ ቆየ።
«ይሄ መስታወት ነው» አለ፣ «ውሃ ይበላል፣ ልጄ።
መጀመሪያ ቀይን።
አምስት ሰው ቁመት ስትወርጂ ቀይ ቀድሞ ይሞታል፤
ብርቱካኑ ይከተላል፣ ቢጫው ይሰንፋል።
አንድ ቀን የመርከብ ብረት መዳፌን ቀዶኝ
ደሜ ሲወጣ አየሁት፤ አረንጓዴ።
የሌላ ሰው ደም መስሎኝ
ዞሬ ዞሬ ሰውየውን ፈለግሁ።»

ወንበር ሰጠሁት። እስከ እኩለ ሌሊት
ቀይን በየክንዱ ገደልኩ፣ ጥልቀቱን ለካሁበት።
«አቧራ አለው» አለ፣ «እንደ ግንቦት መንገድ»፤
አቧራ በተንኩ፣ እንዲንሳፈፍ እንጂ እንዳይወርድ።
«ብርሃኑ እንዲህ ቀጥ አይልም፣
ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው ይንገዳገዳል»፤
አንገዳገድኩት።
ዓሦቹን ቀነስኩ። አሥራ አንድ ቀሩ።
ያኔ ጓዳው በረደኝ።

ሊወጣ ተነስቶ፣ በሩ ላይ፦ «አንድ ጫማ ሥሪልኝ።
የግራ። ማሰሪያው የተፈታ።
ከጀልባው ወዲያ አድርጊው፣ ደለል አልብሺው።»
«ሰውየውስ?»
«ሰውየውን ተይው።»
ሠራሁት። ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ አፈረስኩ፤
የተፈታ ነገር መቋጠር ያህል ያስቸግራል።
ከካሜራው ጥግ ውጪ ነው፤ ከፋዩ አያየውም።
ብርሃኑ ግን ይነካዋል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው አነጠሰ።
«ውሃ መጣ!» አለች እናቴ፤ ግቢው በባዶ እግር ፈሰሰ።
ጋሽ ዓለምሰገድ በፒጃማ፣ ሁለት ባልዲ ይዞ፣
የስልኬን መብራት ወደ ጀሪካኑ አፍ አዞርኩ፦
ከአንገረብ ግድብ ደለሉን አንጠልጥሎ
የገባው ውሃ ቀይ ነበር።
ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን።
«እስኪጠራ ይቀመጥ» አለ፣ ክዳኑን ፈልጎ።

ጓዳ ውስጥ ወፍጮዬ ታጓራለች፤
መብራት ካልሄደ፣
መቶ ሰማንያ ሰባተኛው ሥዕል ላይ ናት።