ሦስተኛው ብልቃጥ

ሰኔ ነው። ጅማ ላይ ዝናብ ዕረፍት የለው፤
የቆርቆሮው ጩኸት ቃሌን ቢከልለው
ጠመኔ አነሣሁ፣ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፦
«አሲዱን ወደ ውሃ» — ሁለቴ አሰመርኩበት።

ስድሳ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ጠርሙስ አሲድ፣
ከማግኒዥየም ጥቅል የተረፈ ገመድ፣
ስንዝር ናት፤ በመቀስ ሦስት ላይ ከፈልኳት።
የሐኪም ጓንት ነበር፣ ሦስት ጣት ቆርጬለት
ለየብልቃጡ አፍ ቆብ አዘጋጀሁለት።

የመጀመሪያው ወፍራም፣ ውሃ ያልቀመሰ፣
ገመዱን ሳስነካው ፈላ፣ ተተራመሰ፤
እንደ ሐሙስ ገበያ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ማንም ማንን ሳይገፋ የማያገኝ መሸሻ።
ሃያ ሳልቆጥር አለቀ፤ የጓንቱ ጣት ቆመ፣
እንደ ትኩሳት ግንባር ብልቃጡ ጋመ።

ሁለተኛው፣ ውሃ እኩል የገባበት፣
ደቂቃ ፈጀ፤ እሱም ጨዋ ነው፣ ምን ወጣበት።

ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ ዘጠኝ እጅ ውሃ፣ አንድ እጅ አሲድ ቢኖር፣
ጭር እንዳለ፣ እሑድ ጠዋት፣ የፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣
አንዱ ሌላውን ሳያገኝ ሲዞር የሚውልበት አገር።
ከገመዱ ጫፍ አንዲት አረፋ ወጣች።
ቆየ።
ሌላ መጣች።

ተደወለ።

እውነቱን ልናገር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ደወል በተደወለ ቁጥር ሦስተኛውን ደፋሁት፤
መጨረሻውን ከመጽሐፍ፣ ከሠንጠረዥ ቀዳሁት፤
«ቀርፋፋ» ብዬ ጻፍኩ እንጂ አንድም ቀን አልጠበቅሁት።

ዛሬም ልደፋ ስል፣ ከኋላ ወንበር
ሂንዲያ አባጊቤ መጣች፤ «አላለቀም፣ መምህር።»
(ከመጋዘን ነው የምትመጣው፣ ቡና ስትለቅም አድራ፤
ፈተና ላይ ሁሌ፣ የመጨረሻውን ገጽ ሳትሠራ
ወረቀቷን ነጥቄያታለሁ። በዚሁ እጅ።)

ብልቃጡን በመሐረብ ይዛ መስኮቱ ሥር ቆመች፤
«ሱታ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለአሲዱ
አልገባኝም፤ «ሱታ» አለች።

ዝናቡ አባራ። የአዌቱ ወንዝ ድምፅ ይሰማ ጀመር።
ዘበኛው ጋሽ ቱጁባ ቁልፍ እያንቃጨለ በሩ ላይ ይዞር ነበር።
አርባ ደቂቃ። ሃምሳ። የገመዷ ቅሪት
ቅንድብ አከለች፤ ኋላም ሽፋሽፍት፤
ከዚያ ምንም።

የጓንቱን ጣት ከሁለቱ ጎን አስጠጋሁት።
ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ዓይኔን ጠርጥሬ በማስመሪያ ለካሁት።
«ጣት ሁሉ እኩል አይሆንም» ይባል የለ?
እኩል ነበሩ።
ያው ገመድ፣ ያው አየር፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የተለያየ።

«እና ፈተናውስ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣
እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ሌላ ቦታ እያየች፣ ሌላ።

ቦርሳዋን አነሣች፤ ለማታው ለቀማ ረፍዶባታል።
እኔ ሰሌዳው ፊት ቀረሁ፤
«ጊዜ» ከሚለው ዓምድ ሥር
ጠመኔዬ ተሰብሯል።