የየካቲት ነጥብ

እንግዶቹ ሄዱ፣ ሻንጣቸውን ዘግተው፣
ለየሰዉ አንዳንድ ሰርተፊኬት ሰጥተው።
ሁምላ ጤና ኬላ፣ ነፋስ እያጓራ፣
ፉልማያ ቀረች፣ ከአንዲት ደብተር ጋራ፤
ሕፃን ከናት ደረት ቆዳ በቆዳ አስራ፣
በብርድ የሞተውን በነጥብ እየጻፈች፣
ነጥብን ከነጥብ ጋር በእርሳስ መስመር ሰፋች።

መስመሩ ወረደ፦ ስምንት፣ አምስት፣ ሁለት።
ጥር ላይ አሻቀበ፤ «የዕድል ነው» አሉት።

«ምን ዕድል አለበት!» አለች ድልኩማሪ፣
ወለል ጠራጊዋ፣ የማታ ተማሪ፤
«እንጨት አልቆ እኮ ነው፤ ወላድ በበረዶ
ቤቷ ገባች። ደረት መች ጠፋ?
የጠፋው ማገዶ!»

ፉልማያ እርሳሱን ቀርጻ ሰጠቻት።
ለኬላዋ ከየጎጆው ፍልጥ በተራ መጣላት።

የየካቲት ነጥብ ጎበጥ ትላለች፤
የሌላ እጅ ናት፤
ቦታዋ ላይ አለች።