የውርጭ ደቀ መዝሙር

ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ሸምኜ፣
የማላውቀውን ሰው በሌሊት ከድኜ፣
ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ፤
ጣቴ ክር ይፈልጋል፣ ጧትም ሆነ ማታ።

ታዲያ አንድ ሰኞ ቀን ቀበሌው በር ላይ
ወረቀት ተለጥፏል፣ ጠጋ አልኩኝ ላይ፦
«ስለ ጓሮ አትክልት ሕዝብ የሚያስተምር፣
ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ጊዜውን የሚያበድር።»
«የማይጠይቅ» የሚለው ከሁሉ ደመቀ፤
ጎረቤቴ ደምሰው ሰማና ሳቀ፦
«አንተ? የብርድ ልብስ፣ የፋብሪካ ልጅ?
ጎመንን ከሰላጣ መች ለየው ያንተ እጅ?»

መልስ አልነበረኝም። ሄጄ ተመዘገብኩ።

ስድስት ሳምንት ተማርን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፤
ከክፍሉ ሰው ሁሉ ይበልጣል የኔ ዕድሜ።
አሠልጣኛችን ርብቃ፣ ጭቃ ነው ጥፍሯ፤
ከልጅነቷ ጋር አይሄድም ምክሯ፦
«አፈሩን ጨብጡት፣ ሲፈረፍር ስሙት፤
ጭብጥ ሆኖ ከቀረ አሸዋ ጨምሩበት።
ፋንድያን ትኩሱን ለሥር አታጉርሱ፤
ይቃጠላል ሥሩ፣ እስኪበርድ ታገሡ።»
ሁሉን ጻፍኩት እኔ፣ በሃምሳ ሉክ ደብተር፣
የመደቡን ስፋት በሳንቲሜትር።

ኅዳር ሲገባ ሰርተፊኬት ሰጡን።
ማኅተሙ ሰማያዊ፣ ስሜ በትልቅ ፊደል፦
ምንዳዬ ወልደ ሰንበት፣ ፈቃደኛ አሠልጣኝ።
ከሠርጌ ፎቶ ጎን ሰቀልኩት፤
ሚስቴ ፎቶውን ትንሽ ወደ ግራ ገፋችለት።

የመጀመሪያው ቀን፣ በበሬሳ ዳር፣
ዐሥራ ሁለት ወንበር ደርድሬ ነበር።
ሦስት ሰው መጣ፦
አንዱ መንገድ ጠፍቶት፣
አንዷ የወንበሩን ኪራይ ልትቀበለኝ፣
ሦስተኛዋ ወይዘሮ በለጥሻቸው፣
ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት፣ የጠባሴዋ።
«ሠርቶ ማሳያ» ብዬ አራት መደብ ቆፈርኩ፤
የቲማቲም ችግኝ እንደ ድር ወጠርኩ።
ከደብተሬ አነበብኩ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ።
ወይዘሮ በለጥሻቸው ግን ሰማዩን ነበር የሚያዩት።
ጠርቷል፤ የደመና ቁራጭ የለበትም።
«ዛሬ ሌሊት ልትተኛ ነው?» አሉኝ።
«እንዴታ!» አልኩ።
«እሺ» ብለው ሄዱ።

ጧት በሬን ስከፍት ሣሩ ሁሉ ሸብቷል፤
በረንዳዬ ባልዲ መስተዋት አብቅሏል።
በነጠላ ጫማ ሮጬ ከመደቡ፣
ችግኞቼ ጠቁረው ከግንዳቸው ረገቡ።

ደብተሬን ገለጥኩ። ገጽ ዐሥራ ሰባት፣
«ከውርጭ ስለ መከላከል» ይላል፣ በደማቅ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት።
ከሥሩ ባዶ ነው።
ያን ቅዳሜ ለቅሶ ሄጄ ነበር።

ጠባሴ ወረድኩ።
የወይዘሮዋ ሽንኩርት ጭድ ለብሷል፣
ጎመናቸው የስኳር ጆንያ ተከናንቧል፤
ጥግ ላይ ደግሞ፣ በአራት ካስማ የተወጠረ
ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ባለ ሁለት ቀይ መስመር።
ጠርዙን ገለበጥኩት። አወቅኩት።
የማሽን ቁጥር አራት ሥራ ነው፣
የዚያች ጥርሷ የጎደለ፣
በየሁለት ስንዝሩ አንድ ክር የምትዘል፣
ስንት ጊዜ ከደመወዜ ያስቆረጠችኝ።
ከሥሩ የቲማቲም ችግኝ፣
አረንጓዴ፣ ላብ ላብ ብሎታል።

«ያንተ ናት እንዴ?» አሉኝ።
«የኔ ናት።»
«ክሯ ዘሏል» አሉ፣ «ግን ትሞቃለች።»
ከችግኙ መሀል ውሃ የሞላ ጣሳ አሳዩኝ፦
«ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣
ሌሊት ቀስ እያለ ይተፋላቸዋል።»
ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ ጻፍኩት። እጄ ደንዝዞ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ሰባት ሰው መጣ።
ደብተሩን ቤት ትቼ የሞተውን ችግኝ ይዤ ወጣሁ።
«ይኼን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣
«ሌሊቱን ተኝቼ።»
ደምሰው ከኋላ ቆሞ ነበር። ሊስቅ አፉን ከፈተና
«ታዲያ ለድንችስ?» አለ።
«አላውቅም።»
ስምንታችንም ወደ ወይዘሮ በለጥሻቸው ዞርን።
እርሳቸው ወደ ላይ አንጋጠዋል።

«ዛሬስ?» አልኳቸው።
«ዛሬማ ደመና አለ» አሉ። «ተኛ።»