ስንት ወረደ?

ፊቴን ሳልታጠብ ገና፣ ምድጃው እንጨት ሳይጎርስ፣
«ስንት ወረደ?» እላለሁ፣ ስልኬን ከትራሴ ሥር ስዳብስ።
ካስትሮ ዝናብ ነው። ቤታችን በእንጨት እግሩ ውሃ ላይ የቆመ፤
ባሕሩ ሲሞላ ከወለሉ ሥር እያጉረመረመ፣
ሲጎድል ጭቃውን አስታቅፎን እየሄደ ከረመ።

አፑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጌጥ የለው፣ ዜማ የለው፤
መቼ ይሞላል፣ መቼ ይጎድላል፣ ይኸን ብቻ ነው የሚለው።
ጉድለቱን ጠብቀው ከአለት ላይ የባሕር ሣር ለሚለቅሙ፣
ለአክስቴ ለዶሚቲላ፣ ለጎረቤቶቿም፣ ውሃው ዞሮ ሳይቀድማቸው
ቅርጫት ተሸክመው ወደ ዳር እንዲያዘግሙ።

የመጀመሪያው ሳምንት ዐሥራ ሁለት ወረደ።
ስድስቱ የአክስቴ ልጆች፤ አንዱ እኔው ነኝ፣ በአሮጌው ስልኬ፤
ሁለቱ ባወረዱበት ቀን አጠፉት። (ምን አባቴ ልደብቅ?)
ሦስቱን አላውቃቸውም፤ ሌሊት ስለ እነሱ አሰብኩ።

በወሩ ሠላሳ ዘጠኝ። መስመሩ ግራፉ ላይ ተጋደመ፣
እንደ ሰነፍ ውሻ ደጃፍ ላይ፣ ቢጠሩት ጆሮው ያልቆመ።

ከዚያ በሰኔ፣ አንድ ማለዳ፣ ውሻው ብድግ አለ።
በሳምንት አንድ ሺህ ሦስት መቶ! ካላማ ከሚሉት ከተማ፤
ሰሜን ጫፍ፣ በረሃ፣ መዳብ የሚቆፈርበት፣
የባሕር ሣር ይቅርና የመሬቱም ሣር ያልበቀለበት፣
ከእኛ ተነስቶ እዚያ የሚደርስ አገሩን በቁመቱ የሚለካበት።

ሬናቶ ከሳንቲያጎ ደወለ፤ ገንዘብ የሚያፈላልግልኝ ሰው ነው።
«ሮቦት ነው» አለ። «የበረሃ ሰው ባሕር ቢጎድል ባይጎድል ምኑ ነው?
ወይ አጥፊው፣ ወይ ዝም በይና ቁጥሩን ለገዢ እናሳየው።»

ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ግን ቆጠርኩ።
ዐሥራ አንድ ሰከንድ። ከፍተው፣ አንዲት ሰዓት አይተው፣ ይዘጉታል።
ሰባት ቀን እንዲህ ናቸው፤ ሰባት ቀን ደግሞ ጭራሽ ይጠፋሉ፤
ከዚያ እንደገና ይመጣሉ።
ሮቦት ሰባት ቀን ሠርቶ ቤቱ አይሄድም።
ሮቦት ቤት የለውም።

ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ለጠፍኩ፤ «ለምንድነው የምትከፍቱት?»
ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ አራት ሰው መለሰ።
ሁለቱ «ዝም ብለን» አሉ። አንዱ ተሳደበ።
አራተኛው ኤራስሞ ናዌልኪን ነው፣ የኬዮን ልጅ፣ መዳብ ቆፋሪ፦

«እናቴ አለት ላይ ነች፣ ባሕሩ በወረደ ሰዓት።
አምና ስደውልላት፣ ስልኩን ላንሳ ብላ አዳልጧት፣
ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ሲወርድ አልደውልም።
ሲሞላ ቤቷ ትገባለች፤ ያኔ ድምጿን እሰማለሁ፤
ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው፤ ጉድጓድ እወርዳለሁ።
ካምፕ ላሉት የደሴታችን ልጆች ነገርኳቸው።
እናት የሌለው የለም፤ የሌለውም ሚስት አለችው።»

ባሕሩ ወረደ። አፑ ወረደ። ሰውየው ወረደ።
ሦስቱን በአንድ ቃል ጠርቼ፣ አንዱን ብቻ ስቆጥር ዓመቱ ነጎደ።

ሬናቶ ደግሞ ይጠይቃል፤
«በየትኛው ክፍል እንመዝግበው? የአየር ጠባይ? ዓሣ ማስገር?»
አላውቅም አልኩት። እስካሁንም አላውቅ።

ትናንት ሦስት ወረደ፣ አንድ ጠፋ። የጠፋው ከካላማ ነው።
ሥራ ለቆ ይሆናል። ወይም ስልክ የምታነሳው የለች ይሆናል።
ግራፍ ይህን አይጽፈው።

ማታ አፑን ላሳያት ብዬ ለአክስቴ ስልኬን ዘረጋሁ፤
እንኳን ልታወርደው ልታየውም አልፈለገች።
ምሰሶው ላይ በሚስማር የተጫረ ምልክት አላት፤
ውሃውን በእሱ ነው የምታውቀው።
ቦት ጫማዋን እያወለቀች፣ «ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ፤
«ድሮ አለት ላይ ሳለን ነበር የሁላችን ስልክ የሚጮኸው።
ዘንድሮ ልጆቹን ምን እንደነካቸው እንጃ፤
ልክ ስንደርቅ ነው የሚደውሉት።»